ብርጭቆን ወደ ፖርሴሊን የለወጠው ሬኦሙር፦ ከግላስ-ሴራሚክ ታሪክ አንድ ምዕራፍ

ስለ ግላስ-ሴራሚክ የሚያትቱ የማቴሪያል ሳይንስ መጻሕፍት በመግቢያቸው ላይ የአንድ ፈረንሳዊ ሊቅ ስም ጠቅሰው ማለፍን ልማድ አድርገዋል። ሊቁ ሬነ አንቷን ፌርሾ ደ ሬኦሙር ይባላል። ብርጭቆን በእሳት አቆይቶ ወደ ክሪስታላዊ አካል በመለወጥ ቀዳሚው እንደ ነበረ፣ የክሪስታሉን ዕድገት ግን ሊቆጣጠር እንዳልቻለ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገርለታል። ከዚያ በኋላ ትረካው ሁለት መቶ ዓመታትን ተሻግሮ ወደ 20ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ሙከራዎች ይገባል፤ ዛሬ ለአጥንት መጠገኛና ለጥርስ መሸፈኛ የሚውሉት ባዮአክቲቭ ብርጭቆዎችና ግላስ-ሴራሚኮችም በዚያው ክፍል ይዘረዘራሉ። ይህ ባለ አንድ ዓረፍተ ነገር ፍርድ በአንድ በኩል ትክክል ነው፤ በሌላ በኩል ግን ሰውየው ምን አስቦ፣ ከየት ተነሥቶና በምን መንገድ ወደ ሙከራው እንደ ደረሰ ስለማይናገር የሥራውን ዋና ነጥብ ይሰውራል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሬኦሙር የካቲት 28 ቀን 1683 በምዕራብ ፈረንሳይ የወደብ ከተማ በላ ሮሼል ተወለደ። አባቱ በከተማይቱ ፍርድ ቤት ያገለግል የነበረ ባለ ርስት ሲሆን፣ ልጁ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ሬኦሙር በ1699 ወደ ቡርዥ ሄዶ ሕግ ተማረ፤ ይሁን እንጂ ልቡ ከሕግ ይልቅ ወደ ሒሳብና ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ያዘነበለ ስለ ነበር በ1703 ወደ ፓሪስ ተሻገረ። በ1708 በሒሳብ ሊቁ በፒየር ቫሪኞን አቅራቢነት በንጉሣዊው የሳይንስ አካዳሚ በተማሪነት ማዕረግ ተቀባይነት አገኘ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ሙሉ አባል ሆነ። የቤተሰቡ ሀብት ለኑሮው ይበቃው ነበር። ትዳር አልያዘም፤ ዕድሜውን በሙሉ ለምርምር ሰጠ።

አካዳሚው ለወጣቱ አባል የሰጠው ኃላፊነት በኋላ ለሠራው ሁሉ መሠረት ሆነ። በአገሪቱ ያሉትን የእጅ ጥበብ ሙያዎች አንድ በአንድ መርምሮ በጽሑፍና በሥዕል የመመዝገብ ሥራ ነበር። ሙያተኞች ጥበባቸውን ለልጆቻቸው ካልሆነ በቀር ለሌላ በማይገልጡበት ዘመን ሬኦሙር በየዎርክሾፑ እየገባ ገመድ እንዴት እንደሚገመድ፣ የወርቅ ክር እንዴት እንደሚሳብ፣ የመርከብ መልህቅ እንዴት እንደሚቀጠቀጥ ተመለከተ፣ ለካ፣ ጻፈ። ከመጽሐፍ ብቻ ከተማሩት የዘመኑ ሊቃውንት የሚለየው ይህ ነው፤ ስለ ምድጃ ሲጽፍ ምድጃ አጠገብ ቆሞ ያየ ሰው ነበር።

በ1715 ያቀረበው ጥናት ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ልዩ ትርጉም አለው። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በሲሞር አካባቢ ከመሬት እየተቆፈረ እንደ ቱርኩዋዝ የሚሸጥ ሰማያዊ የጌጥ ድንጋይ ነበር። ሬኦሙር ድንጋዩን ሲመረምር ከመሬት ሲወጣ ሰማያዊ እንዳልሆነ፣ ቀለሙን የሚያገኘው በምድጃ ሲሞቅ እንደሆነና በመሠረቱም የጥንት እንስሳት ጥርስ ወደ ድንጋይነት ተለውጦ እንደሆነ አስረዳ። ዛሬ እነዚህ ጥርሶች ማስቶዶን የሚባለው ከምድር የጠፋ የዝሆን ዘመድ ቅሪቶች መሆናቸው፣ ማዕድናቸውም ፍሎሮአፓታይት መሆኑ ይታወቃል። ሰማያዊው ቀለም የሚመጣው በጥርሱ ውስጥ በጥቂቱ የሚገኘው ማንጋኒዝ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ የኬሚካል ሁኔታው ስለሚለወጥ ነው። አፓታይት የአጥንትም የጥርስም ዋና ማዕድን ነው፤ ባዮአክቲቭ የሚባሉት ብርጭቆዎችም ከአጥንት ጋር የሚጣበቁት በላያቸው ላይ አፓታይት ስለሚፈጠር ነው። ሬኦሙር ይህን ሁሉ ሊያውቅ አይችልም ነበር። ነገር ግን ጥርስ ማዕድን እንደሆነና እንደ ማንኛውም ማዕድን በእሳት ሊመረመር እንደሚችል በግልጽ ያየ ሰው ነበር፤ ለዘመኑ ይህ ቀላል እርምጃ አይደለም።

ቀጥሎ የተያያዘው ብረትን ነው። ፈረንሳይ ጥሩ ስቲል ከውጭ አገር ትገዛ ነበር፤ ብዙ ወርቅም በዚሁ ይወጣ ነበር። ሬኦሙር በ1722 ባሳተመው መጽሐፉ የተቀጠቀጠ ብረትን ወደ ስቲል የመለወጥ ዘዴን ለሕዝብ ይፋ አደረገ። ዘዴው ሴሜንታሲዮን ይባላል፤ የብረቱ ዘንጎች ከከሰል ዱቄትና ከሌሎች ነገሮች ጋር በተከደነ የሸክላ ሣጥን ውስጥ ተቀብረው፣ ሳይቀልጡ፣ ለብዙ ሰዓታት በቀይ ሙቀት ይቆያሉ። ስቲል ከብረት የጠራ ነገር ነው የሚለውን የቆየ እምነት ተቃውሞ፣ ከከሰሉ አንዳች ነገር ወደ ብረቱ ገብቶ ስቲል ያደርገዋል አለ። ያ አንዳች ነገር ካርቦን መሆኑ የታወቀው ከሞቱ በኋላ ነው፤ የአስተሳሰቡ አቅጣጫ ግን የተስተካከለ ነበር። የመንግሥቱ ባለአደራ የነበረው የኦርሊያን መስፍን 12 ሺህ ሊቭር የዓመት ጡረታ ሲሰጠው፣ ገንዘቡ ከሞቱ በኋላ ለአካዳሚው እንዲተላለፍ አስደረገ።

ከብረት በኋላ የመጣው ጥያቄ ፖርሴሊን ነው። የቻይና ፖርሴሊን በአውሮፓ መኳንንት ዘንድ እንደ ወርቅ ይታይ ነበር። በጀርመን ሳክሶኒ የማይሰን ፋብሪካ ከ1710 ጀምሮ እውነተኛውን ፖርሴሊን መሥራት ችሎ ምስጢሩን በጥብቅ ይጠብቅ ነበር። ፈረንሳውያን ግን የሚሠሩት ለስላሳና በቀላሉ የሚጫጫር አምሳያ ነበር። በቻይና ጂንግድጀን ከተማ የኖረው የኢየሱሳውያን ማኅበር ሚስዮናዊ ፍራንሷ ግዛቪየ ዳንትሬኮል በ1712 እና በ1722 በላካቸው ደብዳቤዎች የሥራውን ሂደት ዘርዝሮ ነበር፤ የጥሬ ዕቃ ናሙናም ወደ ፈረንሳይ ደረሰ። ሬኦሙር በ1727 እና በ1729 ባቀረባቸው ጥናቶች፣ ፖርሴሊን በሸክላና በብርጭቆ መካከል ያለ፣ በከፊል ወደ ብርጭቆነት የተለወጠ አካል መሆኑን አስረዳ። ከሁለት አፈሮች ይሠራል፤ አንዱ በእሳት ይቀልጣል፣ ሌላው ሳይቀልጥ ቅርጹን ይይዛል። ይህ ትንታኔ ዛሬም ቢሆን ስሕተት የለበትም።

ችግሩ ነጩ አፈር፣ ማለትም ካኦሊን፣ በፈረንሳይ ገና አለመታወቁ ነበር። ሬኦሙር በዚህ ጊዜ ጥያቄውን ገለበጠው። ፖርሴሊን በከፊል ብርጭቆ የሆነ ሸክላ ከሆነ፣ ከሸክላ ተነሥቶ ወደ ብርጭቆ በግማሽ መንገድ ከመሄድ ይልቅ ከብርጭቆ ተነሥቶ በግማሽ መንገድ መመለስ አይቻልም ወይ? በ1739 ለአካዳሚው ያቀረበው ጥናት የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። አሠራሩ ለማንም ሰው የቀረበ ነበር። ተራ የወይን ጠርሙስ ወይም የአትክልት መሸፈኛ የብርጭቆ ደወል በሸክላ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ውስጡና ዙሪያው በነጭ አሸዋና በጄሶ ዱቄት ድብልቅ ይሞላል፤ ሣጥኑ ተከድኖ ከሸክላ ሠሪው ሌሎች ዕቃዎች ጋር ወደ እቶን ይገባል፤ የሸክላው ማቃጠያ ጊዜ ሲያልቅም ይወጣል። አረንጓዴውና ብርሃን አስተላላፊው ጠርሙስ ቅርጹን እንደያዘ ነጭና ደብዛዛ ሆኖ ይገኛል። ሲሰበር ውስጡ እንደ ሐር ክር የተደረደሩ ቀጫጭን ጭረቶች ይታዩበታል፤ ጭረቶቹ ከሁለቱም የጠርሙሱ ገጽታዎች ተነሥተው ወደ መካከል ያድጋሉ። አዲሱ አካል ከብርጭቆ ይልቅ ጠንካራ ነው፤ የፈላ ውሃም አይሰነጥቀውም። ደግሞም ለዚህ ሥራ የሚሻለው ርካሹና ጥቁር አረንጓዴው የጠርሙስ ብርጭቆ እንጂ ውዱና ጥርት ያለው እንዳልሆነ ሬኦሙር አስተዋለ።

በዛሬው ዕውቀት ሲታይ የሆነው ነገር እንዲህ ነው። ብርጭቆ ማለት ከቅልጥ ሁኔታ ሲቀዘቅዝ አተሞቹ ሥርዓት ለመያዝ ጊዜ ሳያገኙ የጠጠረ አካል ነው። እንደገና ሞቆ አተሞቹ መንቀሳቀስ በሚችሉበት፣ ዕቃው ግን በማይፈስበት ሙቀት ላይ ከቆየ፣ ክሪስታሎች መብቀል ይጀምራሉ። ለመብቀል ደግሞ ዘር ያስፈልጋል። በተራ ብርጭቆ ውስጥ ዘር የሚገኘው በአብዛኛው በገጽታው ላይ ነው፤ የሬኦሙር ጭረቶች ከውጭ ወደ ውስጥ ያደጉት ስለዚህ ነው። እንዲህ ያሉ ረጃጅም ክሪስታሎች በመካከል ሲገናኙ ደካማ የመገጣጠሚያ መስመር ይተዋሉ። ርካሹ ብርጭቆ የተሻለ ሆኖ የተገኘውም የካልሲየም መጠኑ ከፍ ያለ በመሆኑ ክሪስታል ለመሥራት ስለሚፋጠን ነው። የአሸዋውና የጄሶው ድርሻ በዋናነት የለሰለሰው ጠርሙስ እንዳይጎብጥ ደግፎ መያዝ ነበር።

ሬኦሙር ራሱ ግን እንዲህ አላሰበም። አሠራሩን ከስቲሉ ሴሜንታሲዮን ወስዶ ነበርና፣ ከብረቱ እንደሆነው ሁሉ ከዱቄቱ አንዳች ነገር ወደ ብርጭቆው ገብቶ እንደለወጠው ገመተ። ምስስሉ እጁን ወደ ትክክለኛው ሙከራ መራው፤ አእምሮውን ግን ወደተሳሳተ ማብራሪያ ወሰደው። በብረት ረገድ በእርግጥ የሚገባ ነገር አለ፤ በብርጭቆ ረገድ ግን የሚያስፈልገው ሁሉ ቀድሞውኑ በውስጡ ነበር። የመጻሕፍቱ ፍርድ የሚጎድለውም እዚህ ላይ ነው። ሬኦሙር በድንገት የተበላሸ ብርጭቆ አግኝቶ የተገረመ ሰው አልነበረም። ዕቃውን በቅድሚያ በብርጭቆነቱ ቅርጽ ማስያዝ፣ ከዚያም አስቦና አቅዶ በሙቀት ወደ ክሪስታልነት መለወጥ የሚለው ቅደም ተከተል የግላስ-ሴራሚክ ሥራ ሁሉ መሠረት ነው፤ ይህን ቅደም ተከተል ዓላማ አድርጎ የያዘው እርሱ ነው። የጎደለው ከገጽታው ባሻገር በመላ አካሉ ውስጥ ዘር የመዝራት ዘዴ ብቻ ነበር። ይህ ጉድለት ትንሽ ነው ማለት ግን አይደለም።

ሌላም ጉድለት ነበረበት፣ ይኸውም የሙቀት ልክ። ሬኦሙር በሕዝብ ዘንድ የታወቀው በ1730 እና በ1731 ባቀረበው ቴርሞሜትር ነው። የውሃ መቀዝቀዣ 0፣ መፍያ 80 ተብሎ የተከፈለው ይህ መለኪያ በፈረንሳይና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ለረጅም ጊዜ አገልግሏል። ሆኖም መሣሪያው በአልኮል የሚሠራ ስለ ነበር ወደ እቶን ሊገባ አይችልም። ሙቀትን ለዓለም በቁጥር ያስለመደው ሰው የብርጭቆውን እሳት እንደ ማንኛውም ሸክላ ሠሪ በዓይኑ፣ ከፍሙ ቀለም እየገመተ ነበር የሚሠራው። ክሪስታል የሚበቅልበትና ብርጭቆው የሚቀልጥበት ሙቀት የሚለያዩት በጥቂት መቶ ዲግሪዎች በመሆኑ፣ ያለ መለኪያ አንዱን እቶን ከሌላው ጋር እኩል ማድረግ አዳጋች ነበር።

የሬኦሙር ፖርሴሊን ወደ ገበያ አልወጣም። ነጭነቱ ከቻይናው ጋር አይተካከልም ነበር፤ ያማረ ዕቃ ለሚፈልግ ቤተ መንግሥትም የጠርሙስ ቅርጽ አያጓጓም። በ1768 በሊሞዥ አቅራቢያ ካኦሊን ሲገኝ ጉዳዩ ተዘጋ። እርሱ ያሰበው ግን ተራው ሕዝብ በርካሽ የሚገዛውን የወጥ ቤት ዕቃ ነበርና፣ ከቤተ መንግሥት ዕቃ ጋር እያወዳደሩ መመዘኑ ፍትሐዊ አይመስልም።

ስለ ነፍሳት የጻፋቸው ስድስት ጥራዞች ከ1734 እስከ 1742 ታትመው ዝናውን ከአገር አገር አድርሰውታል፤ እዚህ መዘርዘራቸው አስፈላጊ አይደለም። የምግብ መፈጨት ጥናቱ ግን ሊታለፍ አይገባም። በ1752 ያቀረበው ይህ ጥናት፣ ጨጓራ ምግብን የሚፈጨው በመጨፍለቅ ነው ወይስ በፈሳሽ ነው የሚለውን የቆየ ክርክር የሚመለከት ነበር። ጭልፊት የሚመስል አዳኝ ወፍ ሊፈጨው ያልቻለውን ነገር መልሶ እንደሚተፋ ያውቅ ስለነበር፣ ጫፎቹ በወንፊት የተከደኑ ትናንሽ የብረት ቱቦዎች ውስጥ ሥጋና አጥንት አድርጎ አዋጠው። ቱቦው ከመጨፍለቅ ይጠብቃል፣ ፈሳሽን ግን ያስገባል። ተመልሰው የወጡት ቱቦዎች ሲከፈቱ ሥጋው ሟሙቶ ተገኘ፤ አጥንቱም ሳስቶ ነበር። በስፖንጅም የጨጓራውን ፈሳሽ ሰብስቦ ከሰውነት ውጭ ሊሞክረው ጣረ። ዛሬ አንድ ባዮአክቲቭ ብርጭቆ በእንስሳ ላይ ከመሞከሩ በፊት የደም ፈሳሽን በሚመስል መፍትሔ ውስጥ ተዘፍቆ ይታያል፤ የሰውነትን ፈሳሽ ለብቻው ለይቶ ከጠጣር አካል ጋር ምን እንደሚያደርግ መመልከት ከሬኦሙር ቱቦዎች ጋር የአስተሳሰብ ዝምድና አለው።

የመጨረሻ ዓመታቱ ሰላም የበዛባቸው አልነበሩም። ከንጉሡ የዕፅዋት ስፍራ ኃላፊ ከቡፎን ጋር የነበረው ቅራኔ ሥር የሰደደ ነበር። ሬኦሙር ትዕግሥት ለተሞላበት ምልከታ ሲቆም፣ ቡፎን ደግሞ ሰፊ ንድፈ ሐሳብን በውብ አጻጻፍ ያቀርብ ነበር። ሬኦሙር በጥቅምት 1757 በሜን አውራጃ በነበረው ርስቱ በላ ቤርሞንዲየር ከፈረስ ወድቆ በ74 ዓመቱ አረፈ። 138 ማኅደር የሞላ ጽሑፉንና የተፈጥሮ ስብስቡን ለአካዳሚው ተናዘዘ፤ ስብስቡ ግን ባለጋራው ቡፎን ወደሚያስተዳድረው ቤት ገባ። ስለ እጅ ጥበብ ሙያዎች ያሠራቸው ሥዕሎችም፣ የዲድሮ ኢንሳይክሎፔዲያ አዘጋጆች ያለ ፈቃድ ተጠቅመውባቸዋል የሚል ከባድ ክስ በ1759 አስነሡ። የአካዳሚው የራሱ የሙያዎች መግለጫ መውጣት የጀመረው በ1761 ነው፤ ኃላፊነቱን የተቀበለው ወጣት ከሞተ አራት ዓመት አልፎታል።

ብርጭቆው ግን ሙሉ በሙሉ አልተረሳም። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሉዊስ ሙከራውን ደግሞ በ1763 ባሳተመው መጽሐፍ ውጤቱን ገለጠ፤ ከአሸዋና ከጄሶ ሌላ በልዩ ልዩ ዱቄቶችም ለውጡ እንደሚገኝ አሳየ። ጄምስ ኪር በ1776 በብርጭቆ ውስጥ ስለሚታዩ ክሪስታሎች ጻፈ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ሆልም በሊዝ ከተማ የብርጭቆ ፋብሪካ ውስጥ ቀስ ብሎ በመቀዝቀዙ ድንጋይ የመሰለ ብርጭቆ መኖሩን በመገንዘብ፣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ከቅልጥ ሊፈጠሩ እንደሚችሉ በምድጃ አረጋገጠ። ከዚያ በኋላ ብርጭቆ ሠሪዎች የክሪስታልን መፈጠር እንደ በሽታ ቆጥረው ሲከላከሉት ኖሩ።

ዘር የመዝራቱ ችግር የተፈታው በ1953 ነው። በአሜሪካ የኮርኒንግ ኩባንያ ኬሚስት የነበረው ዶናልድ ስቱኪ ብር የተጨመረበት የሊቲየም ሲሊኬት ብርጭቆ በ600 ዲግሪ ሊያሞቅ ምድጃ ውስጥ አስገባ፤ የምድጃው መቆጣጠሪያ ተበላሽቶ ሙቀቱ ወደ 900 ወጣ። የቀለጠ ነገር ሲጠብቅ ቅርጹን የያዘ ነጭ ጠፍጣፋ አካል አገኘ፤ ሲያወጣው ከመያዣው አምልጦ ወለሉ ላይ ቢወድቅም አልተሰበረም። በመላው ብርጭቆ ውስጥ የተበተኑት የብር ቅንጣቶች ለክሪስታሎቹ ዘር ሆነው ነበር። ሬኦሙር ያቀደውን ስቱኪ በአጋጣሚ አገኘው ማለት ይቻላል።

ወደ አጥንት የተሻገረው መንገድ ሌላ ነው። በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ላሪ ሄንች በ1969 የሠራው 45ኤስ5 የተባለው ብርጭቆ በክብደት 45 በመቶ ሲሊካ፣ 24.5 በመቶ ሶዲየም ኦክሳይድ፣ 24.5 በመቶ ካልሲየም ኦክሳይድና 6 በመቶ ፎስፎረስ ፔንቶክሳይድ ነው። በሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ሶዲየሙ ይወጣል፣ በገጽታው ላይ እርጥብ የሲሊካ ሽፋን ይቀራል፣ በዚያም ላይ ካልሲየምና ፎስፌት ተከማችተው አጥንትን ወደሚመስል አፓታይት ይለወጣሉ። በአይጥ ጭን አጥንት ውስጥ የገቡት ናሙናዎች ከስድስት ሳምንት በኋላ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቀው ሊነቀሉ አልቻሉም። ይህ ብርጭቆ ግን ተሰባሪ ነው፤ ክብደት ለሚሸከም አጥንት አይበቃም። በጃፓን የኪዮቶው ታዳሺ ኮኩቦና ባልደረቦቹ በ1982 ያቀረቡት፣ አፓታይትና ዎላስቶናይት ክሪስታሎች የበቀሉበት ግላስ-ሴራሚክ ይህን ክፍተት በከፊል ሞላ፤ ለአከርካሪ አጥንት ምትክም ዋለ። አሠራሩ ደግሞ የሬኦሙርን ጠርሙስ ያስታውሳል። ብርጭቆው በጅምላ ከሞቀ ክሪስታሎቹ ከገጽታው ወደ ውስጥ አድገው ይሰነጥቁታል፤ ስለዚህ በቅድሚያ ተፈጭቶ ዱቄት ይደረጋል፣ ተጠፍጥፎም ይጋገራል። እያንዳንዱ ቅንጣት የራሱ ገጽታ ስላለው ዘሩ በመላ አካሉ ይዳረሳል።

በጥርስ ሕክምና ዘንድ የበላይነቱን የያዘው የሊቲየም ዳይሲሊኬት ግላስ-ሴራሚክ ሲሆን፣ የመታጠፍ ጥንካሬው ከ350 ሜጋፓስካል በላይ ነው። በማሽን የሚቀረጸው ዓይነት በመጀመሪያ በከፊል ብቻ ክሪስታል በሆነበት፣ ገና ለስላሳና ሰማያዊ በሆነበት ደረጃ ላይ የጥርሱን ቅርጽ ይይዛል። ከዚያ በ850 ዲግሪ ገደማ በትንሽ ምድጃ ይሞቃል፤ ሰማያዊነቱ ጠፍቶ የጥርስ ቀለም ያገኛል፣ ይጠነክራልም። የሲሞር ጥርሶች በእሳት ሰማያዊ ሆነው ነበር፤ ይኸኛው ሰማያዊ ብርጭቆ በእሳት ጥርስ ይሆናል።